ዝቅ ያለችው ፒካፕ

ወንድሜ አያልነህ ገና ከአልጋው ሳይወርድ የተናደደ ሰው ነው። ወረታ ውስጥ እሱ ያልጮኸበት ባለ ባጃጅ ካለ፣ ባጃጁ ተበላሽቶበት የማያውቅ ነው። ጋራዡ በደብረ ታቦር መውጫ፣ ከእኔ የሩዝ መፈልፈያ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ማሽኔ ሲጮኽ እሱም ይጮኻል፤ ማሽኔ ሲቆም እሱ አይቆምም። ፍሬን ሳያሳይ የኖረውን ይሰድባል፣ ዘይት ሳይቀይር የከረመውን ይሰድባል፣ "ትንሽ ነገር ናት፣ ቶሎ በልልኝ" ያለውን ደግሞ ከነመኪናው ያባርረዋል። ሰው ግን ተመልሶ ይመጣል። እሱ ያሰረው ቡሎን አይፈታማ።

"የየኔታ ልጅ ሆኖ ይኸን አፍ ከየት አመጣው?" ይሉኛል ሩዛቸው እስኪፈለፈል ተራ የሚጠብቁት ሴቶች። ደሜ ይፈላል። እኔስ የማን ልጅ ነኝ? የኔን አፍ እስካሁን ያላዩት ስላልነኩኝ ነው።

አባታችን የኔታ ኪዳነ ማርያም ናቸው። ልጆቻቸው ብንሆንም "አባባ" ብለናቸው አናውቅም፤ እንደ ተማሪዎቻቸው "የኔታ" እያልን ነው ያደግነው። ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ወደ ሐይቁ ጠጋ ብሎ ባለው የሚካኤል ደብር ሃምሳ ዓመት ዜማ አስተምረዋል። ካቻምና ዳሌያቸው ተሰብሮ እኔ ቤት ወረታ ከገቡ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ሚካኤል መድረስ። ሌላ ቢሰጧቸው አይቀበሉም፣ ቢነሷቸውም አይጠይቁም።

መንገዱ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ችግሩ መኪናው ላይ መውጣቱ ነበር። እግራቸው ከፍ አይልም። ሰው ደግፎ ሊያነሳቸው እጁን ሲዘረጋ ደግሞ በመቋሚያቸው ይመቱታል። "ሬሳ ነኝ እንዴ? በእግሬ ነው የምገባ!" ይላሉ። አንድ ቀን ሁለት ዲያቆናት አቅፈው ሊያስገቧቸው ሲሞክሩ የአንዱን ጆሮ ግንድ አግኝተውታል፤ ልጁ ለሳምንት በዚያ ጆሮው አልሰማም ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ይድፈራቸው? ሁለት ወር ሙሉ ሳይሄዱ ቀሩ። ቤት ተቀምጠው ግድግዳ እያዩ ከሱ። እህል አልበላ አላቸው።

ይኼኔ ነው አያልነህ ፒካፗን ዝቅ ያደረጋት።

ፒካፗ አሮጌ ቶዮታ ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስ። ክብ መብራቷን፣ ሰማያዊ ቀለሟን፣ ያንን የቆዳ ወንበሯን እንደ ዱሮው ጠብቆ ነው የያዛት። በወረታ ከተማ የማይጮኽባት እሷ ብቻ ናት። ከኋላ፣ ሸክሟን ከሚይዘው ባሌስትራ ላይ ቅጠል ብረቶቹን ቀነሰ፣ የቀረውን ዝቅ አድርጎ አሰረ፣ የፊቷንም አላላ፤ የበሩ ደፍ ከየኔታ ጉልበት በታች እስኪውል ድረስ አወረዳት። ሜትር ይዞ ሁለት ጊዜ እቤት እየመጣ፣ የኔታ ቁጭ ብለው ሲያንቀላፉ፣ እግራቸው የሚነሳበትን ቁመት ሰርቆ ለክቷል። እኔ ነኝ ያየሁት።

የከተማው ጎረምሳ ግን ሳቀ። ቻላቸው የሚባል ባጃጅ ነጂ፣ "ጋሼ አያልነህ፣ ለሰርግ ልታከራያት ነው? ሆዷ መሬት ሊልስ ነውኮ!" ቢለው መፍቻ ይዞ እስከ መናኸሪያው አሳደደው። ለምን ዝቅ እንዳደረጋት ግን አልነገረውም። ለማንም አልተናገረ። ይኼ ነገሩ ነው እኔን የሚያበሽቀኝ። ሲሳደብ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል፤ ደግ ሲሠራ አፉን ይለጉማል።

የኔታ በመስከረም አሥራ ሁለት በሩን ይዘው፣ አንድ እግራቸውን አስቀድመው፣ ማንም ሳይነካቸው ገቡ። ጋቢናው ውስጥ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወደ ፊት አዩ። "ሂድ" አሉት። ወንድሜም ሞተሩን አስነሣ። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ባለቅስስ?

የጥቅምቱ ግን ተበላሸ። ባሌስትራ ሲሳሳ መኪና ይወዛወዛል። ከሜዳው ድልድይ አጠገብ ካለችው መታጠፊያ ስንደርስ ከብት ገባብን፤ አያልነህ መሪውን ሲያዞር መኪናዋ ወደ ጎን ተጋደመች። ከኋላ የዕቃ መጫኛው ካሶኒ ላይ ሆኜ የኔታ በሩ ላይ ሲላተሙ ድምፁን ሰማሁት። ግንባራቸው አበጠ። ማስቀደሱንም አስቀደሱ፣ ተመልሰውም ገቡ፤ ግን በሌላ ቀን ስለ ኅዳር ሚካኤል ሳነሳባቸው፣ "እንግዲህ እዚሁ ሆኜ እጸልያለሁ" አሉኝ። የኅዳሩ ደግሞ ወርኃዊው አይደለም፤ ንግሡ ነው። ያስተማሯቸው ሁሉ ከያሉበት የሚመጡበት፣ በዋዜማው እሳቸው ዜማ የሚያነሱበት ቀን። እሳቸው ከቀሩ የሚቀጥለውን ዓመት አያዩትም ብዬ ፈራሁ፤ ለአያልነህም ይኸንኑ ነገርኩት።

ጮኸብኝ። "አላውቅም መሰለሽ?" አለኝ። ከዚያ ባሕር ዳር ሄዶ ከተጣለ ሚኒባስ ላይ አንድ ብረት ፈትቶ መጣ። ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያስተሳስር፣ ጫፍና ጫፉ የታጠፈ ረዥም ብረት ነው፤ ስታቢላይዘር ይሉታል። መኪናው በአንድ ጎኑ ሊጋደም ሲል ብረቱ ተጠማዝዞ ሌላውን ጎን ይዞ ያስቀረዋል። ችግሩ ብረቱ ለሌላ መኪና የተሠራ መሆኑ ነው። አጠገቡ ያለ በያጅ፣ "በእሳት አግለህ እጠፈው" ቢለው፣ "በእሳትማ ጉልበቱ ይሞታል! አንተንም በእሳት ቢያግሉህ አትረባም!" ብሎ አባረረው። ሦስት ቀን ሙሉ ማሰሪያ ሲቆርጥ፣ አዲስ የላስቲክ ጎሚኒ ሲያስገባ፣ ሲፈታና ሲያስር ከረመ። የቀረው ብረቱን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኙት ሁለት አጫጭር ዘንጎች ብቻ ነበሩ። እነሱን በልክ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ልካቸው ደግሞ መኪናዋ በክሪክ ከመሬት ተነሥታ አይወሰድም። መሬት ላይ ቆማ፣ የምትሸከመውን ተሸክማ ነው የሚለካው።

የንግሡ ዋዜማ፣ ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ ጠዋት አራት ካህናት ከደብሩ መጡ። መሪያቸው መምሬ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከገበያ ጧፍና ምንጣፍ ገዝተው፣ ከሰዓት የኔታን ይዘው በዚያችው ፒካፕ ሊመለሱ ነው። አያልነህ ለመለኪያው ክብደት እንዲሆነው ከወፍጮዬ ሩዝ አስጭኚልኝ ሲለኝ መምሬ ሰሙና፣ "ምን አደከመህ ልጄ፣ እኛ እያለን! ክብደት አነሰን?" ብለው ሳቁና ካሶኒው ላይ ወጡ።

ካሶኒው ላይ ግራና ቀኝ አግዳሚ አለ። መምሬ በቀኙ፣ ከፊት ተቀመጡ። ቀጥሎ ያለው ካህን ከእሳቸው ቀጥሎ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ አራተኛው ከሦስተኛው፤ በማዕረጋቸው፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን። ሩዝ የሚያስፈለፍሉ ሦስት ገበሬዎችንም ጠርተናቸው ነበር። ከካህናት ፊት ለፊት ተፋጠው መቀመጥ ነውር መሰላቸውና ከካህናቱ እግር ሥር ቁጢጥ አሉ። የግራው አግዳሚ ባዶውን ቀረ። ማንም ስህተት ያየ አልመሰለኝም። እኔም ከወፍጮዬ በር ቆሜ አይቼ፣ የሚያምር አቀማመጥ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አያልነህ ከሥር ተኝቶ ለካ። ዘንጎቹን ቆረጠ፣ በየደ፣ አሰረ። ካህናቱ ወርደው ወደ ገበያ ሄዱ። እሱም ሊሞክራት ወደ ሐሙሲት መንገድ ነዳት።

ሩብ ሰዓት አልቆየ። ሲመለስ መኪናዋ ባዶዋን ሆና ወደ ቀኝ አዘንብላ ነበር፤ አንድ እግሩ እንዳጠረ ወንበር። ወደ የኔታ በር በኩል። በሩን ዘግቶ አልወረደም፤ በሩን ወርውሮ ነው የወረደው። ከዚያ ጀመረ። ብረቱን ሰደበ። ሚኒባሱን ሰደበ፣ ሚኒባሱን የነዳውን ሰደበ። ከብቱን፣ ድልድዩን፣ ጎሚኒ የሸጠለትን ሰደበ። እኔን፣ "ማሽንሽ መሬቱን እያንቀጠቀጠ አሳሳተኝ" አለኝ። ይኼኔ ለእኔም በቃኝ።

"ማሽኔን ተወው!" አልኩት። "ካህናቱ ሁሉ በቀኝ አልነበር እንዴ የተቀመጡት?"

ዝም አለ። ወንድሜ በቁጣው መሀል ዝም ሲል አላውቅም፤ ደነገጥኩ።

"አይተህ ነበር?" አልኩት።

"ከሥር ሆኜ አላይም?" አለ ቀስ ብሎ። "ባሌስትራው በቀኝ በኩል ተጫነ። አየሁት።"

"ታዲያ 'ሁለታችሁ ወደ ግራ' አትላቸውም ነበር?"

"እንዴት ልበላቸው?"

ይኸ ሰው ነው ፖሊስ የሚሰድብ። የከተማውን ሹም መኪና "ይኸን ቆርቆሮ አንሱልኝ" ብሎ ያስወጣ። አራት የገጠር ካህናትን "ጠጋ በሉ" ማለት አቅቶት ጠማማ ዘንግ በየደ። ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሱ አሥራ ሦስት። በየኔታ ጉባኤ ከሁሉም የበለጠ ጆሮ ያለው እሱ ነበር፤ ዜማ አንድ ጊዜ ከሰማ አይረሳም። በዚያው በሚካኤል ንግሥ ከሩቅ ደብር አንድ ስመ ጥር መሪጌታ በእንግድነት መጡ። ሲያዜሙ ሳለ አያልነህ ከተማሪዎች መሀል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አንዲት የዜማ ቤት ዘለሉ" አለ። ሰው ሁሉ ዞረ። የኔታ ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፣ እጃቸውም ከባድ ነበር። አልመቱትም፤ ቢመቱት ይሻል ነበር። "ካህን ባለበት አንተ አፍ የለህም" አሉት። በሕዝቡ ፊት አንበርክከው የእንግዳውን ጉልበት አሳሙት፣ "'ዋሽቼ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ' በል" አሉት። አለ። በሳምንቱ ከቤት ጠፍቶ ሐሙሲት ካሴ የሚባል መካኒክ ዘንድ ገባ። ከዚያ ወዲህ ዜማ ሲያዜም የሰማው የለም። ካህን ሲያይ ቆቡን ያወልቃል፣ መስቀል ይሳለማል፣ አይናገርም። የቀረውን ዓለም ሁሉ ይጮኽበታል።

የኔታ በጋራዡ በር ጥላ ሥር በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ለካ ይሰሙናል።

"አያልነህ" አሉ። "እያየህ ነው ጠማማ የሠራኸው?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ስለምን አልተናገርክም?"

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ንጹሕ የነበረውን ጣቱን ሁሉ ደግሞ ጠረገ። "ካህናት ናቸው" አለ።

የኔታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት አዩ። እሱ ዘንጎቹን ፈትቶ ጣላቸውና አዲስ ብረት አነሳ።

ካህናቱ በስምንት ሰዓት ጧፍና ምንጣፋቸውን ይዘው ተመለሱ። እንደገና ይውጡልን አልኳቸው። እንደገና መምሬ በቀኝ፣ ሌሎቹም በተራ። አያልነህ ሊተኛ ጎንበስ ሲል የኔታ መሬቱን በመቋሚያ መቱት።

"ንገራቸው!"

አያልነህ ቀና አለ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም።

"ንገራቸው አልኩህ!"

"መምሬ" አለ ወንድሜ፤ ድምፁ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። "ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግራና ቀኝ ብትቀመጡልኝ... ሚዛኑ..."

"ምነዋ ጠዋት አትለንም ኖሯል!" አሉ መምሬ ተክለ ሃይማኖት። "እኛ የመኪና ነገር ምን እናውቃለን? አንተ ና ወዲህ፣ አንተም ተነሥ።" ሁለቱ እየሳቁ ተነሥተው ግራው ላይ ተቀመጡ። አለቀ። ይኸው ነው። እኔ ግን ተናደድኩ። ይኸን ያህል ቀላል ነገር ነበር ለካ! አርባ ዓመት ያፈነው ነገር ሁለት ሰው ከአግዳሚ እስኪነሣ ድረስ ነው የፈጀው!

ለካ፣ ቆረጠ፣ በየደ። ክሪኩን አስገብቶ አሰረ፣ አውርዶ ዞራት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ከጎማዎቹ በላይ ያለውን ክፍተት ግራውንም ቀኙንም በሜትር ለክቶ፣ ለማንም ሳይነግር ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ የኔታን በር ከፈተላቸውና እንደ ልማዱ ሁለት እርምጃ ራቀ።

የኔታ መጡ። በሩን ያዙ። እግራቸውን ወደ ደፉ ሊያነሱ ብለው ተዉት። ዞሩ።

"ያን ዕለት" አሉ፣ "መሪጌታው ዘለው ነበር። እኔም ሰምቼ ነበር።"

የትኛው ዕለት ብሎ የጠየቀ የለም። አያልነህ መፍቻውን ይዞ እንደ ቆመ ቀረ። ፊቱ ጠቆረ።

"ሰምተው ኖሯል?" አለ። ከዚያ ጮኸ። ዕድሜ ልኩን ሲጮኽ የሰማሁት ሁሉ ጩኸት አልነበረም። "ሰምተው ኖሯል! 'ዋሽቼ ነው በል' አሉኝኮ! አልዋሸሁም! አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ የኔታ! እኔ እኮ እርስዎ ያልሰሙት መስሎኝ ነበር! አርባ ዓመት ሙሉ 'ጆሮዬ ነው የተሳሳተው' ስል ኖርኩ! ዜማውን የተውኩት ለምን መሰለዎ? ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ ነው! ሰው ሲያዜም ስሰማ እሸሻለሁ፣ ደግሞ እሳሳታለሁ ብዬ! እርስዎ ግን ያውቁ ነበር! መስከረምም ጥቅምትም ሳመላልስዎ፣ እዚህ ወንበር ላይ ከጎኔ ተቀምጠው ያውቁ ነበር!"

ከመንገዱ ማዶ ሰው ቆመ። ባጃጆች ቆሙ። ከካህናቱ አንዱ፣ "ተው ልጄ፣ አባትህ ናቸው" ሊል ጀመረ፤ የኔታ እጃቸውን አነሱበት።

"ተዉት። ይናገር።"

ተናገረ። አርባ ዓመቱን ሁሉ ተናገረ። ካሴ ዘንድ መሬት ላይ የተኛበትን፣ እናታችን ስትሞት ፍትሐቱ ላይ አፉን ዘግቶ የቆመበትን፣ ሁሉን። እኔም ስሰማ አባቴን ጠላኋቸው፤ አልዋሽም፣ በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው። ራሴንም ጠላሁት፤ ቁጣውን አመሉ ነው እያልኩ ለሴቶቹ ስስቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። የኔታ በሩን እንደ ያዙ ቆመው ሰሙት። አልተቀመጡም፣ አልተደገፉም፣ ዓይናቸውንም አልመለሱም። ነጠላቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በዳሌያቸው ይኸን ያህል ቆመው አያውቁም።

ድምፁ አለቀበት። የኔታ ወደ በሩ ዞረው እግራቸውን ሊያነሱ ሞከሩ። አልተነሣም። ደፉ ከጉልበታቸው በታች ነው፤ አልተነሣም። እንደገና ሞከሩ። ከካህናቱም ከቆመውም ሰው ማንም አልተንቀሳቀሰ፤ መቋሚያውን እናውቀዋለና።

የኔታ መቋሚያቸውን ለእኔ ሰጡኝ።

"አያሌ" አሉ። በልጅነቱ ነው እንዲህ ይሉት የነበረው። "ቆሜ ደከመኝ። አንሣኝ።"

መፍቻውን ጣለው። መጣ፤ ዓይኑ ገና እሳት ነበር፣ ከንፈሩን ነክሷል። አንድ እጁን ከጉልበታቸው ሥር፣ አንዱን ከጀርባቸው አድርጎ አነሣቸው። ክብደት የላቸውም። ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፣ ነጠላቸውን ከበሩ ላይ ሰብስቦ አስገባ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ።

እኔ ካሶኒው ላይ ከካህናቱ ጋር ወጣሁ፤ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ። እስከ ሜዳው ድረስ በመስኮቱ የወንድሜን ጀርባ አያለሁ፤ እንደ ተገተረ ነው። በድልድዩ መታጠፊያ መኪናዋ ከነሸክማችን ቀጥ ብላ ታጠፈች፤ የኔታ ከወንበራቸው አልተነቃነቁም። አያልነህ አልሳቀም፣ ይቅርታም አላደረገ። እስካሁንም አድርጎ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔም አላደረግኩም።

ከደብሩ በር ስንደርስ የየኔታ ተማሪዎች፣ ዛሬ ራሳቸው ሽማግሌ የሆኑት፣ እያጨበጨቡ ወደ መኪናዋ ሮጡ። በሩን ከፍተው እጃቸውን ዘረጉ። አያልነህ በወዲያ በኩል ወርዶ እየሮጠ መጣ።

"አትንኳቸው!" ብሎ ጮኸ፤ ካህኑ፣ መሪጌታው፣ ቄሱ ሁሉ ባለበት። "ወዲያ በሉ! እኔ ነኝ የማወርዳቸው!"